አጥንቱን ፍለጋ

እ.ኤ.አ. በ1891 በጀርመኗ ላይፕዚግ ከተማ የአናቶሚ ሊቁ ዊልሄልም ብራውነና የሒሳብ ባለሙያው ኦቶ ፊሸር አንድን ሰው ጥቁር ልብስ አልብሰው፣ በኤሌክትሪክ የሚበሩ ቀጫጭን የብርጭቆ ቱቦዎችን በእጅና በእግሩ ላይ አሰሩ። ጨለማ ጠብቀውም አስኬዱት፤ አራት ካሜራዎች ከየአቅጣጫው የቱቦዎቹን ብልጭታ ቀረጹ። ሰውየው የተራመደው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። እያንዳንዱን የብርሃን ነጥብ ከፎቶግራፉ ላይ ለክቶ ማስላት ግን ወራት ፈጀ። ብራውነ በ1892 ሞተ፤ ፊሸር ሥራውን ቀጥሎ ውጤቱን እስከ 1904 ድረስ በተከታታይ አሳተመ።

ከእነሱ በፊት ፈረንሳዊው ኤቲየን ዡል ማሬ በ1880ዎቹ ጥቁር ልብስ በለበሱ ሰዎች እጅና እግር ላይ ነጭ መስመር እያሰመረ ሲራመዱና ሲሮጡ ፎቶ ያነሳ ነበር። በአንድ ካሜራ የተነሳ ምስል ግን ጥልቀትን አያሳይም። ላይፕዚጎች ብዙ ካሜራ በመደርደር ይህን ክፍተት ሞሉ።

ሌላው ችግር ግን አልተነካም። ምልክቱ የሚታሰረው በልብስ ወይም በቆዳ ላይ ነው፤ ተመራማሪው ማወቅ የሚፈልገው ደግሞ ከሥር ያለው አጥንት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የተሰባሰበ ቡድን ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ገጠመው። እጅና እግራቸውን ላጡ ወታደሮች የተሻለ ሰው ሠራሽ አካል ያስፈልግ ነበር። ቡድኑን ከመሩት መካከል ቀዶ ሐኪሙ ቨርን ኢንማንና እሱ ራሱ አንድ እግሩን በሥራ ላይ በደረሰበት አደጋ ያጣው መሐንዲስ ሀዋርድ ኤበርሃርት ይገኙበታል። ተመራማሪዎቹ በፈቃደኞች የዳሌ፣ የጭንና የቅልጥም አጥንት ውስጥ የብረት ዘንግ ተክለው አስኬዷቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 የታተመው ይህ ጥናት አጥንቶቹ በእያንዳንዱ እርምጃ ምን ያህል እንደሚዞሩ በቀጥታ አሳየ። ወደ ሐኪም ቤት ለሚመጣ በሽተኛ ሁሉ ግን አጥንት መብሳት የማይታሰብ ነው።

በ1970ዎቹ በግላስጎው የሚገኘው ስትራትክላይድ ዩኒቨርሲቲ የቴሌቪዥን ካሜራን ከኮምፒውተር ጋር አገናኘ፤ የወራቱ ስሌት እያጠረ መጣ። ዛሬ በብርሃን አንጸባራቂ ቁስ የተሸፈኑ ትንንሽ ኳሶች በቆዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ኢንፍራሬድ ካሜራዎችም ቦታቸውን ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ስህተት መለየት ይችላሉ።

የጣሊያኑ አውሬሊዮ ካፖዞና ባልደረቦቹ ግን በ1996 ሌላ እውነት አሳተሙ። እግራቸው ተሰብሮ፣ አጥንታቸው ከውጭ በሚታይ ብረት የተደገፈ በሽተኞችን አጠኑ። ብረቱ ከአጥንቱ ጋር ስለሚንቀሳቀስ በቆዳው ላይ ያለው ኳስ ምን ያህል እንደሚንሸራተት ለማነጻጸር አስቻለ። መንሸራተቱ እስከ 40 ሚሊሜትር ደረሰ። ካሜራው በሚሊሜትር ክፍልፋይ የሚለካውን ነጥብ፣ ቆዳው በሴንቲሜትር ያንቀሳቅሰው ነበር።

መፍትሔ ፍለጋው በሁለት መንገድ ሄደ። የካፖዞ ቡድን ቀደም ብሎ በ1995 ባቀረበው ዘዴ ኳሶቹ ቆዳ ብዙም በማይንሸራተትበት ቦታ በቡድን ይለጠፋሉ፤ የአጥንቱ ጉልህ ቦታዎች ደግሞ ለብቻቸው ተጠቁመው ይመዘገባሉ። በ1999 ደግሞ ሉ እና ኦኮነር የተባሉ ተመራማሪዎች ሙሉውን እግር በአንድ ላይ የሚያሰላ ዘዴ አሳተሙ፤ በዚህ ስሌት አጥንቶች ከመገጣጠሚያቸው ሊላቀቁ አይችሉም። የተመረጠው የመገጣጠሚያ ሞዴል ከሰውየው ጉልበት ጋር ካልገጠመ ግን ስህተቱ ወደ ሞዴሉ ይዛወራል።

ሌላው የስህተት ምንጭ ኳሶቹን የሚለጥፈው ባለሙያ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አንድን ጤነኛ ሰው በ12 ቤተ ሙከራዎች አስለካ። ለውጤቱ መለያየት ዋናው ምንጭ ኳሶቹ የተለጠፉበት ቦታ ሆኖ ተገኘ፤ ባለሙያዎቹ አንድ ወጥ አሠራር ሲከተሉ ልዩነቱ ቀነሰ። የጉልበት ኳስ በትንሹ ቢዛነፍ፣ የጉልበት መታጠፍ ወደ ጎን መንጋደድ መስሎ ይታያል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ውጤቱ ከኮምፒውተር ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስለሚሄድ ነው። ሴረብራል ፖልሲ (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) ያለበት ልጅ እግሩ ወደ ውስጥ ሲዞር፣ ሐኪሙ የጭኑን አጥንት ቆርጦ ማዞር ይኖርበት እንደሆነ ይመዝናል። በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ኳስ ለመለካት እጅግ አስቸጋሪ ከሆኑት አንዱ ደግሞ ይኸው የጭን አጥንት ዙረት ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪሞች የካሜራውን ቁጥር በእጅ ከሚደረግ ምርመራና ከአጥንት ምስል ጋር ሳያስተያዩ አይወስኑም።