ሮም የተሰበሰቡት የቴአትር ሰዎች

በ1927 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ የአውሮፓ ቴአትር ታላላቅ ሰዎች ሮም ገቡ። ከአየርላንድ ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ዊልያም በትለር ዬትስ፣ ከቤልጅየም ሞሪስ ሜተርሊንክ፣ ከሞስኮ የካመርኒ ቴአትር መሥራች አሌክሳንደር ታይሮቭ፣ ከጀርመን አርክቴክቱ ዋልተር ግሮፒየስ መጡ። የመድረክን አሠራር የለወጠው እንግሊዛዊው ጎርደን ክሬግም ነበረ። የጋበዛቸው የኢጣሊያ ንጉሣዊ አካዳሚ ነው፤ ጉባኤው በአካዳሚው የቮልታ ፋውንዴሽን ስም ተጠራ። በሰብሳቢነት ኢጣሊያዊው ጸሐፌ ተውኔት ሉዊጂ ፒራንዴሎ፣ በጸሐፊነት ባለቅኔው ፊሊፖ ማሪኔቲ ተቀመጡ። ከመስከረም 28 እስከ ጥቅምት 4 ድረስ ስለ ቴአትር ብቻ ተነጋገሩ።

የቴአትር ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ጉባኤ የሚያነሡት ስለ መድረክ ቅርጽና ስለ ሲኒማ ተፎካካሪነት በቀረቡት ንግግሮች የተነሣ ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ዘመኑን ሲያይ ልቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ጉባኤው በተበተነ በሁለተኛው ወር፣ ኅዳር 26 ቀን፣ በወልወል በኢትዮጵያና በኢጣሊያ ወታደሮች መካከል ተኩስ ተከፈተ። ዓመት ሳይሞላም የጋባዡ መንግሥት ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። እንግዶቹ የተወያዩት ጦርነት በሚደግስ ቤት ውስጥ ነበር።

የውይይቱ ዋና ጥያቄ የተመልካች ብዛት ነበር። ሙሶሊኒ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ ባደረገው ንግግር ዐሥራ አምስትና ሃያ ሺህ ሰው የሚይዝ የብዙኃን ቴአትር እንዲፈጠር ጠይቆ ነበር። ጥያቄውም ወረቀት ላይ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1934 ሚያዝያ መጨረሻ ፍሎሬንስ ውስጥ በአርኖ ወንዝ ዳር «18 ቢኤል» የተባለ ትርኢት ቀረበ። በሁለት ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች የተሳተፉበትን ይህን ትርኢት ያዘጋጀው የፊልም ሰው አሌሳንድሮ ብላሴቲ ሲሆን፣ ሃያ ሺህ ያህል ሕዝብ ተመልክቶታል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሰው አይደለም። የፊያት ፋብሪካ የጭነት መኪና ነው። መኪናው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ያመላልሳል፣ በፋሺስቶች አነሣስ ጊዜ ይሰለፋል፣ በመጨረሻም ረግረግ በሚደርቅበት ሥፍራ እንደ ጀግና ይቀበራል። ሜዳው ሰፊ፣ መብራቱ ብዙ ነበር፤ ተመልካቹን ግን ስሜት አልሰጠውም፤ በጊዜው የነበሩ ሐያስያንም ሥራው እንዳልተሳካ ጻፉ። ቴአትር የአንድን ሰው ፊት ከተመልካች ሲያርቅ ምን እንደሚያጣ ከዚህ የበለጠ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

ግሮፒየስ በጉባኤው ላይ ያብራራው «ጠቅላላ ቴአትር» የተባለውን ንድፉን ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ለአዘጋጁ ኤርቪን ፒስካቶር የነደፈው ይህ ቤት መድረኩ የሚሽከረከር ነው፤ በአንድ ትርኢት መካከል መድረኩ ከተመልካቹ ፊት ተነሥቶ ወደ መሐል ሊገባ፣ ተመልካቹም በዙሪያው ሊከበው ይችላል። ቤቱ ከቶ አልተሠራም። ግሮፒየስ ራሱም ናዚዎች በያዟት ጀርመን መሥራት አልቻለም፤ ከዚህ ጉዞ በኋላ በዚያው ወር ኑሮውን ወደ እንግሊዝ አዞረ።

ዬትስ ደግሞ ስለ አየርላንድ ቴአትር ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ1904 ደብሊን ውስጥ የተከፈተው አቢ ቴአትር ትንሽ ቤት ነው። የተነሣውም በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የነበረ ሕዝብ በራሱ ታሪክና በራሱ አንደበት መድረክ እንዲኖረው ነው። ስለ ሃያ ሺህ መቀመጫ በሚነገርበት አዳራሽ የዚህን ትንሽ ቤት ታሪክ ማሰማት ትልቅ ቁም ነገር ነበር።

እንግዶቹ ቴአትርም አይተዋል። ጥቅምት 1 ቀን ፒራንዴሎ ራሱ ያዘጋጀው የኢጣሊያዊው ባለቅኔ የዳኑንዚዮ ተውኔት በአርጀንቲና ቴአትር ታየ፤ የመድረኩን ሥዕል የሠራው ሠዓሊው ጆርጆ ዴ ኪሪኮ፣ መሪ ተዋናይዋ ማርታ አባ ነበረች። በዚያው ዓመት ፒራንዴሎ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ከዓመት በኋላ፣ ኢጣሊያውያን የጋብቻ ቀለበታቸውን ሳይቀር ለጦርነቱ እንዲያዋጡ በተጠየቁ ጊዜ፣ የኖቤል ሜዳሊያውን እንዲቀልጥ ሰጠ። በተውኔቶቹ የሰውን ማንነትና የእውነትን ስስነት እንደዚያ የመረመረ ጸሐፊ፣ ምርመራው የገዛ መንግሥቱ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ይህን ሲያነቡ ማዘን ይገባል፤ ተውኔቶቹን ማንበብ መተው ግን አይገባም።

በዚያው ዘመን በሌላው ወገን የቆሙት ሰው የአማርኛ ቴአትር አባት መሆናቸው ይገርማል። በ1913 ዓ.ም. ግድም በእንስሳት ተረት የመኳንንቱን አስተዳደር የነቀፈ ተውኔት ጽፈው ያሳዩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ ሥራቸው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዶባቸዋል። እኚሁ ሰው በ1927 ዓ.ም. ጄኔቭ ውስጥ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው የሀገራቸውን አቤቱታ ለመንግሥታት ማኅበር ያቀርቡ ነበር።

አዲስ አበባም የራሷን ሰዎች ሰበሰበች። ሐምሌ 11 ቀን 1927 ዓ.ም. በመኮንን ሀብተ ወልድ አነሣሽነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። ወረቀት የሚነበብበት ጉባኤ አልነበረም፤ ባለቅኔዎች፣ ተናጋሪዎችና ዘፋኞች አደባባይ ወጥተው ሕዝቡ ለሚመጣው ወረራ እንዲዘጋጅ በግጥም፣ በፉከራና በዜማ ቀሰቀሱት። ሮም ውስጥ በንድፈ ሐሳብ የታሰበው የብዙኃን ተመልካች እዚህ በእውን ነበረ። የመጣውም ለትርኢት ሲል ብቻ አይደለም፤ የሚነገረው የገዛ ሕይወቱ ጉዳይ ነበርና። ሀገር ፍቅር ቴአትር ዛሬም የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

አካዳሚው ከወረራው በኋላም ጉባኤ መጥራቱን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1938 በዚያው በቮልታ ስም ሮም ውስጥ ሌላ ስብሰባ አደረገ፤ ርእሱም «አፍሪካ» ነበር። አዲስ አበባ ያን ጊዜ በፋሺስት እጅ ናት። ከጸሐፌ ተውኔቶቿ አንዱ ዮፍታሔ ንጉሤ ሱዳን ውስጥ በስደት ላይ ነበሩ፤ ከነፃነት በኋላ የመከራውን ዘመን «አፋጀሽኝ» በተሰኘው ተውኔታቸው ወደ መድረክ አመጡት።

ኢጣሊያውያን በአዲስ አበባ መሐል አንድ የሲኒማ ቤት ጀምረው ነበር፤ ስሙን «ሲኒማ ማርኮኒ» አሉት። ጉልየልሞ ማርኮኒ የሬዲዮው ፈልሳፊ ነው፤ የቴአትር ሰዎቹ ሮም ሲጋበዙ የአካዳሚው ፕሬዚዳንትም እሱ ነበር። ሕንፃውን ሳይጨርሱት ወጡ። ኋላ ተሠርቶ አልቆ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተብሎ ተከፈተ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ነው። ለምረቃው የታየው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር፦ የወታደሩን ሚስት ወስዶ ባሏን ወደ ጦር ግንባር እንዲሞት የላከ ንጉሥ ታሪክ።