ቀድሞ የነበረ ሕመም

በጉዞ ጤና መድን ውል ውስጥ ብዙ ሰው ሳያነበው የሚያልፈው ሐረግ ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት የታወቀ፣ የታከመ ወይም መድኃኒት የሚወሰድለት ሕመም ማለት ነው፤ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ አስም፣ የልብ ሕመም። «በኪኒን ተቆጣጥሬዋለሁ» ማለት ከትርጉሙ አያስወጣም። ብዙ ውሎች ይህን ሕመም ጨርሶ አይሸፍኑም፤ አንዳንዶቹ ተጨማሪ ከተከፈለበት ይቀበሉታል።

ከአሜሪካ ዘመድ ለመጠየቅ አዲስ አበባ ለሚመጡ አረጋውያን ወላጆቻችን ነገሩ ያሳስበኛል። የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። ከተማዋ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የደከመ ልብና ሳንባ ይህ ይከብደዋል። እናት በሌሊት ትንፋሽ አጥሯቸው የግል ሆስፒታል ሲገቡ፣ ቤተሰብ ገንዘብ ቤቱ መስኮት ላይ ማስያዣ ይጠየቃል። መድኑ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን የሚመልሰው በኋላ ነው፤ ያውም ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝና የሐኪም ማስረጃ ተሟልቶ፣ ሕመሙም በውሉ ከተሸፈነ።

ስለዚህ ለእማማ ወይም ለአባባ መድን ስትገዙ ሕመማቸውንና የሚወስዱትን መድኃኒት አንድም ሳትደብቁ አስመዝግቡ። የተደበቀ ሕመም ክፍያውን ሊያስከለክል ይችላል።