«ወደ ሐረር ጉዞ»፦ የተረሳው ካሴት

ወዳጆቼ፣ ስለ ኃይሉ መርጊያ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው «ቸ በለው» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ከዋልያስ ባንድ ጋር በሸክላ ያወጣው፣ «ሙዚቃዊ ስልት» ያለበት አልበም። ስሙ ይገባዋል። ግን በዓመቱ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን እንደሠራ ስንቶቻችን እናውቃለን?

ይሄኛውም በአብዛኛው በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው። የወጣው ግን በካሴት ነው። ዘመኑ ደግሞ የቀይ ሽብርና የሰዓት እላፊ ነበር። ሸክላውን ሰብሳቢዎች እያደኑ ገዙት፤ ካሴት ግን ሲያረጅ ይጣላል፣ ወይ ሌላ ይቀዳበታል። ለእኔ የተረሳው ሥራው ስላነሰ ሳይሆን ዕቃው ስላልተጠበቀ ነው።

ኃይሉ አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ብዙ ዓመት አለፈ። ከዚያ አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ የ1985 ካሴቱን ባሕር ዳር አገኘው። ያ በ2013 እንደገና ታተመ፤ «ወደ ሐረር ጉዞ»ም በ2016 ተከተለ። ባሕር ዳር እኮ ለደምበጫ ጎረቤት ናት!

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ታሪክ የሚጻፈው ከተረፈው ነገር ነው። ቤታችሁ ሣጥን ውስጥ ካሴት ካለ አትጣሉት። የዘፋኙንና የባንዱን ስም ከነዓመቱ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።