ስጦታና ብድር በቦረና

በማኅበራችን ስብሰባ ለተቸገረች አባል ገንዘብ ይውጣ በተባለ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «የምትመልሰው ነው ወይስ የማትመልሰው?» ጥያቄው ለእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። ከደቡብ ኢትዮጵያ እስከ ሰሜን ኬንያ በሚዘልቀው ሣርና ቁጥቋጦ በሸፈነው የሳቫና ምድር የሚኖሩት የቦረና ኦሮሞዎች ከብዙ ትውልድ በፊት መልስ አበጅተውለታል። ስለዚህ መልስ ብንወያይ ይጠቅመናል ብዬ ይህን ጽፌአለሁ።

የቦረና ኑሮ በከብት ላይ የቆመ ነው። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይጥላል። በመካከሉ ያለው ጊዜ ደረቅ ነው። ሣርና ውኃ ፍለጋ ከብቱን ይዞ የሚርቀው ወንዱ ሲሆን፣ ቤቱን የምትሠራው፣ ላሟን የምታልበው፣ ጥጃውን የምትጠብቀው ሴቷ ናት። ወተቱን ለልጅ፣ ለእንግዳ፣ ለቅቤ ብላ የምታካፍለውም እሷው ነች። «ጎርፋ» የሚባለውን የወተት ዕቃ ከዕፅዋት ሥርና ቃጫ አጥብቃ ትሰፋዋለች፤ ጥሩ ሽታ ባለው እንጨት ታጥነዋለች። እናቶቻችን የእርጎ ቅላቸውን በወይራ ሲያጥኑ ያየን ሁሉ ይህን ሙያ እናውቀዋለን።

በበጋ ሕይወት የሚተርፈው በጉድጓድ ውኃ ነው። «ዘጠኙ ቱላ» የሚባሉት የጥልቅ ጉድጓዶች ሰፈሮች የታወቁ ናቸው፤ ዱብሉቅ አንዱ ነው። ከጉድጓዶቹ 30 ሜትር ያህል የሚጠልቁ አሉ። ሰዎች በመሰላል ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጡታል። እያንዳንዱ ጉድጓድ «አባ ኮንፊ» የሚባል ባለቤት አለው፤ ይህም የቆፈረው ሰው ወይም ወራሹ ነው። ተራውን የሚያወጣው ግን «አባ ሄሬጋ» ነው። ሄሬጋ ማለት ቁጥር፣ ስሌት ማለት ነው። በከባድ በጋ ከብቱ በየሦስት ቀኑ ስለሚጠጣ የማን መንጋ በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ እንደሚገባ አባ ሄሬጋ በቃሉ ይይዛል። መዝገብ የለውም፤ ነገር ግን ተራ ቢዛባ ጠብ እንደሚነሳ ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል። እኔም በሒሳብ ሙያ ስለምሠራ ይህን ስም እወደዋለሁ።

ወደ ጥያቄያችን ልመለስ። ቦረናዎች ለተቸገረ ሰው ላም የሚሰጡባቸውን መንገዶች ለያይተው ያስቀምጣሉ። የመጀመሪያው «ቡሳ ጎኖፋ» ነው። በድርቅ፣ በበሽታ ወይም በዘረፋ መንጋው ያለቀበት ሰው ጉዳዩን ለጎሳው ጉባኤ ያቀርባል። ሽማግሌዎች የጉዳቱን ምክንያትና መጠን ይመረምራሉ፤ ከዚያ ከብት ያላቸው የጎሳው አባላት እያዋጡ መንጋውን እንደገና ያስጀምሩታል። ይህ ስጦታ ነው። የተቀበለው ሰው የሚጠበቅበት ነገ ሌላው ሲቸገር የበኩሉን ማዋጣት ብቻ ነው። ከብት እያለው እምቢ የሚል ግን በጎሳው ዘንድ ያፍራል፤ ይወቀሳል።

ሁለተኛው «ዳባሬ» ነው። ላሟ በውሰት ትሰጣለች፤ ወተቱን ተቀባዩ ይጠጣል፣ ላሟና የምትወልዳቸው ግን የሰጪው ናቸው። ሦስተኛው «አሜሳ» የሚባለው ነው፤ የምትታለብ ላም ለጊዜው ተሰጥታ፣ ወተቷ ሲነጥፍ ለባለቤቷ ትመለሳለች። ሦስቱም እርዳታ ናቸው፤ ሆኖም አንዱ በሌላው ስም አይጠራም። ሰጪውም ተቀባዩም ላሟ ከበረት ሳትወጣ የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ።

ይህ ልማድ በምቾት ጊዜ ብቻ የኖረ አይደለም። በ1880ዎቹ የደስታ በሽታ የምሥራቅ አፍሪካን ከብት ሲፈጅ በመላ አገራችን «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብ መጣ፤ የቦረናም መንጋ አለቀ። ከዚያ በኋላ መንጋው እንደገና የተራባው አንዱ ለሌላው ጥቂት ጥቂት እያካፈለ ነው።

ጉድለቱንም መናገር ተገቢ ነው። የጎሳው ጉባኤ የወንዶች ነው። ባል የሞተባት ሴት አቤቱታዋ የሚሰማው ብዙ ጊዜ በወንድ ዘመድ በኩል ነው፤ ወተቱን የምታዝ ሴት በላሟ ጉዳይ ድምፅዋ ያንሳል። ሌላው ጉድለት ከስሌት ጋር ይያያዛል። ቡሳ ጎኖፋ የሚሠራው አንዱ ሲያጣ ሌላው ሲተርፈው ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናብ በተከታታይ አምስት ወቅት ሲቀር ግን ሰጪውም ተቀባዩም አብረው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሁሉንም በአንድ ቀን የሚመታ ጉዳት ከጎሳው ውጭ የተቀመጠ ነገር ይፈልጋል። የኦሮሚያ ክልል በቅርብ ዓመታት ያቋቋመውን የእርዳታ ተቋም በዚሁ ስም «ቡሳ ጎኖፋ» ብሎ መሰየሙ ልማዱ በሰው ልብ ያለውን ክብር ያሳያል።

ከዚህ ለማኅበራችን የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስጦታና ብድር በአንድ ሣጥን አይቀመጡ። አሁን ሁሉንም «ብድር» ብለን እንመዘግባለን። ቤቷ የተቃጠለባት ወይም ልጇን ሆስፒታል ያስተኛች እህት መክፈል ሲያቅታት በመዝገቡ ላይ ባለዕዳ ትባላለች፤ ከዚያ ስታፍር ከስብሰባው ትቀራለች። ገንዘቡም አይመለስ፣ እህታችንንም እናጣለን። ለአደጋ የሚወጣው ከመነሻው ስጦታ ይባል፤ ምክንያቱና መጠኑ በሦስት አባላት ይመርመር። ለንግድ የሚወጣው ደግሞ ብድር ይባል፤ የመመለሻ ቀኑ ይጻፍ፣ ያለ ይሉኝታ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ አብዛኞቻችን በአንድ ገበያ የምንነግድ ስለሆንን ገበያው ቢዘጋ ሁላችንም በአንድ ቀን እንቸገራለን። ስለዚህ ከየወሩ መዋጮ ጥቂቱ ለአባል የማይበደር ሆኖ በባንክ ይቀመጥ።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለቱም ሐሳቦች ለድምፅ ይቀርባሉ። የሁለቱን ሣጥኖች ሒሳብ ለየብቻ አዘጋጅቼ አመጣለሁ፤ እናንተም ስንት ብር ለየትኛው እንደሚበቃ አስባችሁ ኑ።