የሌሊት ትዕይንት መብራት

የሌሊት ትዕይንት መብራት በቪዲዮ ሥራ ተመልካቹ ጨለማ መሆኑን እንዲያምን፣ የተዋናዩ ፊት ግን እንዳይጠፋበት ብርሃን የማዘጋጀት ሥራ ነው። ስልክም ሆነ አነስተኛ ካሜራ ብርሃን ሲያንሰው የምስሉን ምልክት ያጎላል (አይ.ኤስ.ኦ. ይጨምራል)፤ ያን ጊዜ ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል፣ በኤዲቲንግም ሙሉ በሙሉ አይጸዳም። ስለዚህ መሣሪያ ያነሰው ቀራጭ ቦታውን በሙሉ ለማብራት ከመድከም ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ቢመርጥ ይሻለዋል።

በድንግዝግዝ መቅረጽ

በጣም ርካሹ መብራት ሰማዩ ነው። አርባ ምንጭ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ለቀረጻ የሚበቃው ለ20 ደቂቃ ያህል ነው። ከተማዋ በጋሞ ተራሮች ምሥራቃዊ ግርጌ ስላለች ደግሞ ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ቀድማ ትሰወራለች። ልምምዱ በቀን ካለቀ በዚህ ሰዓት ሰፊው ምስል ይቀረጻል፤ የቅርብ ምስሎች ከጨለመ በኋላ በመብራት ይሠራሉ። ሙሉ ጨረቃ በአባያና በጫሞ ሐይቆች በኩል ስትወጣ ታምራለች፤ ብርሃኗ ግን አንድ ሻማ በ1 ሜትር ርቀት ከሚሰጠው ስለሚያንስ ለስልክ አይበቃም።

በቀን ቀርጾ ሌሊት ማስመሰልም አለ። ፈረንሳዮች «የአሜሪካ ሌሊት» ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የፍራንሷ ትሩፎ ፊልም ስያሜም ይኸው ነው። ምስሉ ይጨልማል፣ ወደ ሰማያዊ ይቀየራል። ሰማዩ በምስሉ ውስጥ ከገባ ግን ማታለሉ ወዲያው ይታወቃል።

በመብራት መቅረጽ

መብራቱን ከተዋናዩ ኋላና ጎን ማድረግ ከፊት ለፊት ከማብራት ይሻላል፤ የሰውየው ዙሪያ ይለያል፣ ጨለማውም ይቆያል። ቆሞ የሚያበራ ባጃጅ ለዚህ ጥሩ ነው፤ በተለይ ኮብልስቶኑ ላይ ውኃ ከተረጨ ብርሃኑ ያንጸባርቃል። መብራት ከ1 ወደ 2 ሜትር ሲርቅ ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሌላ አምፖል ከመግዛት በፊት ያለውን ማቅረብ ይቀድማል።

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ በመሆኑ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። ስልክ በሰከንድ 30 ምስል፣ በ1/60 ሻተር ሲቀርጽ በምስሉ ላይ የሚንሸራተቱ ጥቁር መስመሮች ሊታዩ ይችላሉ። ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 ማድረግ ያስወግዳቸዋል። ይህ በስልኩ ትንሽ መስኮት ላይ ስለማይጎላ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ቤት ከተገባ በኋላ ነው።

በዶርዜ ቤት ውስጥ

የዶርዜ የቀርከሃ ቤት መስኮት የለውም፤ በምድጃ ጭስ የጠቆረው ግድግዳም ብርሃን ይውጣል። እሳቱ ብቻውን አይበቃም። ስታንሊ ኩብሪክ «ባሪ ሊንደን» (እ.ኤ.አ. 1975) ላይ በሻማ ብርሃን የቀረጸው ኤፍ 0.7 በሆነ እጅግ ብርቅ ሌንስ ነበር። እዚህ የሚያዋጣው ትንሽ ኤል.ኢ.ዲ. ከምድጃው አጠገብ ደብቆ፣ በነጠላ አለስልሶ፣ በሌላው ወገን ነጭ ጋቢ ዘርግቶ ብርሃኑን ወደ ፊት መመለስ ነው። ሃሎጂን አምፖል እጅግ ስለሚግል በጨርቅ መሸፈንም ሆነ ወደ ደረቅ ቀርከሃ ማስጠጋት ቤቱን ሊያቃጥል ይችላል።