ቮልስና የደጋው ዳገት፤ የአሮጌ መኪና ምርጫ ታሪክ

ዕድሜው የገፋ መኪና ገዝቶ፣ ፈትቶና አድሶ እንደገና ለመንገድ የሚያበቃ ሰው በአገራችን ብዙ አይደለም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሰው ከአዲስ አበባ ጋራዦች አልፎ በሌሎች ከተሞችም አይጠፋም። ጥያቄውም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «በጥቂት ገንዘብ የትኛውን አሮጌ መኪና መምረጥ ይገባል?» የሚል ነው። ነገሩ የገበያ ጥያቄ ቢመስልም የመልሱ ግማሽ የሚገኘው ከታሪክ ነው። ዛሬ በግቢ ጥግ በሸራ ተሸፍኖ የቆመው እያንዳንዱ መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው የራሱ የሆነ የንግድ፣ የፖለቲካ ወይም የመንገድ ምክንያት ኖሮት ነው፤ መለዋወጫውና እጁ የተፈታለት መካኒክም የሚገኙት በዚያው ታሪክ ውስጥ ነው።

ለዚህ ጉዳይ መለኪያ ይሆን ዘንድ የምሥራቅ ጎጃሟን ሮብ ገበያን መውሰድ ይጠቅማል። ሮብ ገበያ በስናን ወረዳ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ የምትገኝ፣ ስሟን ከገበያ ቀኗ ያገኘች የደጋ ከተማ ናት። አካባቢው የገብስና የድንች አገር፣ የብርድና የጭቃ አገር ነው። ከአዲስ አበባ የተገዛ መኪና እዚያ ለመድረስ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1000 ሜትር በላይ መውረድ፣ ከዚያም ያንኑ ያህል ወደ ደጀን መውጣት፣ ቀጥሎም ደብረ ማርቆስን አልፎ ሌላ ዳገት መጀመር አለበት። በሻጭ በር ላይ ደኅና የሚመስል መኪና ሁሉ ይህን ፈተና አያልፍም።

መኪናው እንዴት ገባ

በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቢድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ በተባለች መኪና ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ፤ መኪናዋም ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቀረበች። በዚያን ጊዜ የባቡሩ ሐዲድ ከድሬዳዋ ገና አላለፈም ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ መንገድ በሌለበት አገር መኪናን በሰው ጉልበትና በከብት እየረዱ ማሻገር ማለት ነበር።

መኪና ለብዙ ሕዝብ የታየው ግን በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። ለጦርና ለጭነት የገቡት የፊያት ከባድ መኪናዎች፣ በተለይም ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» ብሎ የጠራው፣ ከወራሪው በኋላም በመንገዱ ላይ ቀሩ። ከድል በኋላ ከቀሩት ጣልያኖች አንዳንዶቹ ጋራዥ ከፈቱ፤ በእነዚያም ጋራዦች ኢትዮጵያውያን ሙያተኞች ሠለጠኑ። የዚህ ትምህርት ምስክር እስከ ዛሬ በመካኒኩ አፍ ላይ አለ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ቡሎንና ዳዶ ሁሉም የዚያ ዘመን ቃላት ናቸው። የጀርመንም ሆነ የጃፓን መኪና ኢትዮጵያ ውስጥ ሲፈታ የሚፈታው በእነዚህ ቃላት ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ የመንገዱ ነው። በ1943 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥት መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ለሥራውም ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ። መንገድ ሲስፋፋና ሲጠገን ቀድሞ ለከባድ መኪና ብቻ የነበረው ጎዳና ለትንሹ የቤት መኪናም ተከፈተ። በዚህ ጊዜ ነው ፊያት 600፣ ፔጆ 404፣ ላንድሮቨርና ቮልስዋገን በከተሞቻችን የተለመዱት። ከደርግ መምጣት በኋላ ደግሞ የሶቪየቱ ላዳ ተጨመረ።

አራቱ ዕጩዎች

ለአንድ መኪና አፍቃሪ ዛሬም በእጅ ሊገቡ ከሚችሉት ከእነዚህ መካከል አራቱን ማነጻጸር ይቻላል።

ሰይቼንቶ የሚባለው ፊያት 600 እ.ኤ.አ. በ1955 ወጣ። ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በውኃ የሚቀዘቅዝ ነው። የኋለኛው ዓይነት 767 ሴንቲ ሜትር ኩብና 29 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በመጀመሪያዎቹ ታክሲዎቻችን ዘንድ የተወደደው በትንሽነቱና በቤንዚን ቁጠባው ነው። ዛሬ ግን ከአራቱ ዕጩዎች ይበልጥ ብርቅ የሆነው፣ መለዋወጫውም ይበልጥ የሚያስቸግረው እርሱ ነው።

ላዳ በፊያት 124 ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የተሠራ ነው። ሶቪየቶቹ ለአስቸጋሪ መንገዳቸው ሲሉ ላሜራውን አወፈሩት፣ ከመሬት ከፍ አደረጉት፣ የኋላ ዲስክ ፍሬኑንም በከበሮ ፍሬን ተኩት። በአዲስ አበባ የታክሲ ሥራ ላይ ረጅም ዘመን ስላገለገለ መካኒኩም መለዋወጫውም አለ። ጉዳቱ ያው ረጅም አገልግሎቱ ነው፤ ታክሲ ሆኖ ያልደከመ ላዳ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ላንድሮቨር አካሉ ከአልሙኒየም ስለተሠራ አይዝግም። ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ ዝገቱም ከውስጥ ስለሚጀምር ከውጭ አይታይም። ለጮቄ ጭቃ የሚወዳደረው የለም። ነገር ግን ቤንዚን ጠጪ ነው፤ የአንድ ደመወዝተኛ ኪስ ሊገዛው ቢችል እንኳ ሊቀልበው ይከብደዋል።

አራተኛው ቮልስ ነው። ፈርዲናንድ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የነደፈው ይህ መኪና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዛት መሠራት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 ለብዙ ዘመን የፎርድ ሞዴል ቲ ይዞት የነበረውን የብዛት ክብር ወሰን አለፈ። የመጨረሻው ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሲወጣ ጠቅላላ ብዛቱ 21,529,464 ደርሶ ነበር። ይህ ቁጥር ለአፍቃሪው ትልቅ ትርጉም አለው። እስከ ቅርብ ዘመን የተሠራና በመላው ዓለም የተሠራጨ መኪና ስለሆነ መለዋወጫው ዛሬም ይመረታል፤ ብዙው ክፍልም ከአንዱ ዓመት ሥሪት ወደ ሌላው ዓመት ሥሪት ይገባል።

የከፍታው ሒሳብ

ምርጫው በደጋ አገር የሚፈተነው በአየር ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2450 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 78 በመቶ ያህል ነው፤ በ3000 ሜትር ደግሞ ወደ 74 በመቶ ይወርዳል። ሞተር ጉልበት የሚያገኘው በሚስበው አየር ክብደት ልክ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የተለመደው የ1192 ሴንቲ ሜትር ኩብ ቮልስ ሞተር ያለው 34 የፈረስ ጉልበት ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ 26 ገደማ ዝቅ ይላል። የፊያት 600 29 የፈረስ ጉልበትም 22 ወይም 23 ይሆናል።

ሁለተኛው የከፍታ ጣጣ ውኃ ነው። ውኃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ በ92፣ በ3000 ሜትር ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክዳኑ የላላ ወይም ቱቦው ያረጀ ራዲያተር ያለው አሮጌ መኪና የዓባይን ዳገት ሲወጣ በመንገድ ዳር ቆሞ የሚተነፍሰው በዚህ ምክንያት ነው። ቮልስ ራዲያተር የለውም። በእርግጥ በስስ አየር ማራገቢያው የሚነፋው የአየር ክብደትም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሞተሩ የሚያቃጥለው ቤንዚን በዚያው መጠን ከተቀነሰለት የሚያወጣው ሙቀትም ይቀንሳል፤ የደጋው ብርድም ያግዘዋል።

«ከተቀነሰለት» የሚለው ቃል ግን ቁም ነገር አለው። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር ደብረ ማርቆስ ሲደርስ የቤንዚንና የአየር ቅልቅሉ ወደ 13 በመቶ ገደማ ይወፍራል። ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ጉልበት ይጠፋል፣ ቤንዚን ይባክናል። መድኃኒቱ ዋናውን የቤንዚን ቀዳዳ በጠበበ መለወጥ ነው፤ ይህም ሞተሩን ሳያወርዱ የሚሠራ ሥራ ነው። ብዙ ሰው «መኪናው ደከመ» ብሎ የሚሸጠው ቮልስ በእውነቱ ለአገሩ አየር ያልተስተካከለ ቮልስ ሊሆን ይችላል። የሚያውቅ ገዢ በርካሽ የሚያገኘውም እንዲህ ያለውን ነው።

ለጭቃውም የሞተሩ ከኋላ መሆን ይረዳል፤ ክብደቱ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ከብዙዎቹ ትንንሽ መኪናዎች ይልቅ መሬቱን ይይዛል። በቁልቁለት ግን የአራቱም ጎማ ፍሬን የከበሮ የሆነበት አሮጌ መኪና ፍሬኑ በሙቀት ይደነዝዛል፤ ዓባይን በሚወጡበት ማርሽ መውረድ የሚለው የጥንት ሾፌሮች ደንብ ዛሬም አልተሻረም።

ከመግዛት በፊት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ በቀለሙ ማማር ተታልሎ የተገዛ መኪና ባለቤቱን ለዓመታት ያስተክዛል። ስለሆነም ምርመራው በቅደም ተከተል መካሄድ አለበት።

የመጀመሪያው ወረቀት ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር በመሐከለኛው ቦይ ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር መመሳሰል አለበት። ቁጥሩ የማይመሳሰል መኪና ምንም ቢረክስ መኪና ሳይሆን ክርክር መግዛት ይሆናል።

ሁለተኛው ዝገት ነው። የቮልስ አካል ከወለሉ ጋር በቡሎን የታሠረ ስለሆነ ሊነሣ ይችላል፤ ይህ ለማደስ ታላቅ ምቾት ነው። ዝገቱ የሚደበቀው በበሮቹ ሥር በሚያልፉት የሙቀት ቦዮች፣ ከፊት በትርፍ ጎማው ጉድጓድና ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው በሚቀመጥበት ወለል ነው። የባትሪው አሲድ የበላው ወለል በምንጣፍ ተሸፍኖ ስለሚሸጥ ምንጣፉን ማንሣት ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ሞተር ነው። ሞተሩ ቆሞ ሳለ የታችኛውን ፑሌጋ በእጅ ይዞ ወደፊትና ወደኋላ መግፋት የዋናውን ኩሽኔታ ጤንነት ይነግራል። የተፈቀደው እንቅስቃሴ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በእጅ በግልጽ የሚሰማ ከሆነ ሞተሩ ሊፈታ ነው ማለት ነው። በአሮጌዎቹ ሥሪቶች የዘይት ማቀዝቀዣው የሦስተኛውን ሲሊንደር አየር ስለሚከልል ይህ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ሥሪት ማቀዝቀዣው ከአየሩ መንገድ ወጣ። ስለዚህ የሲሊንደሮቹ ግፊት ሲለካ ሦስተኛው ደክሞ ቢገኝ ምክንያቱ አስቀድሞ ይታወቃል። ሞተሩ ደክሞም ቢገኝ ተስፋ አይቆረጥም፤ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎን ብቻ በመሆኑ ክሬን በሌለበት የገጠር ከተማ ጋራዥም ይወርዳል። የዝገት ጥገና ግን ከሞተር ጥገና ይልቅ ውድና አድካሚ ስለሆነ፣ ጤነኛ አካልና የደከመ ሞተር ያለውን ከጤነኛ ሞተርና ከዛገ አካል አስበልጦ መምረጥ ይገባል።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

ቮልስ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስሙ የተጻፈው በመካኒኮች መዝገብ ብቻ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት ሲወሰዱ የተሳፈሩት በቮልስዋገን ነበር። በሮልስ ሮይስ ይታዩ የነበሩ ንጉሠ ነገሥት በተርታው ሰው መኪና የኋላ ወንበር ተቀምጠው መውጣታቸው የዘመኑን መለወጥ ከብዙ አዋጅ ይልቅ ገለጠ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የውጭ ምንዛሪና የነዳጅ እጥረት አሮጌውን መኪና ከጥፋት አዳነው። አዲስ ማስገባት ባልተቻለበት ዘመን ያለውን መጠገን ግድ ሆነ፤ መካኒኮቻችንም የተሰበረውን በየዱ፣ የጎደለውን ቀረጹ፣ ከሁለት ሙት አንድ ሕያው አወጡ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎችን ከውጭ ማስገባት እንደተከለከለ መንግሥት አስታወቀ። ከሁለቱም አስቀድሞ፣ በጥር 2011 ዓ.ም.፣ የቮልስዋገን ኩባንያ በኢትዮጵያ መኪና ለመገጣጠም የመግባቢያ ሰነድ ፈርሞ ነበር። የእነዚህ ሁሉ ድምር ውጤት በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተተኪ የሌለው ሀብት መሆኑ ነው።

ከዚህም አዲስ ጥያቄ ተወልዷል። የቮልስን ሞተር አውጥቶ በኤሌክትሪክ ሞተር መተካት ይገባልን? ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 እንዲህ የተለወጠ ቮልስ አሳይቷል። በምህንድስና በኩል ሐሳቡ ለደጋው ይስማማል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ስስ አየር ጉልበቱን አይቀንስበትም፣ ዓባይን ሲወርድም ባትሪውን መልሶ ሊሞላ ይችላል። በታሪክ በኩል ግን የቆረጡት ላሜራ አይመለስም። ስለዚህ ለውጥ የሚያደርግ ሰው አካሉን ሳይቆርጥ፣ የወጣውንም ሞተር ዘይት ቀብቶ በማስቀመጥ ቢሠራ፣ ነገ የተለየ ሐሳብ ለሚኖረው ባለቤት በሩን ክፍት ይተዋል።

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ስንመለስ፣ ለሮብ ገበያው አፍቃሪ ቮልስ የሚመረጠው ከሁሉ ፈጣን ወይም ከሁሉ ጠንካራ ስለሆነ አይደለም፤ በጉልበት ላዳ፣ በጭቃ ላንድሮቨር ይበልጡታል። የሚመረጠው ቀላልነቱ በአንድ ሰው መፍቻና በአንድ ሰው ደመወዝ ልክ ስለሆነ፣ የሚያውቁትም እጆች እስካሁን ስላሉ ነው። እነዚህ እጆች ግን እያረጁ ነው። የቫልቩን ክፍተት በጆሮው ሰምቶ የሚያውቅ፣ የካርቡራተሩን ቀዳዳ ለከፍታ የሚያስተካክል ሽማግሌ መካኒክ ዕውቀቱን በመጽሐፍ አልጻፈም። አሮጌ መኪና የሚያድስ ወጣት ከላሜራውና ከሞተሩ እኩል ይህንን ዕውቀት እየተቀበለ ነው። መኪናውን ከመግዛቱ በፊት አስተማሪውን ቢፈልግ ምርጫው ከግማሽ በላይ ተጠናቀቀ ማለት ነው።