ጋያ፤ የዕቃው ስምና የቅጠሉ ስም

ጋያ የሚለው ቃል ብዙውን ጊዜ «የትምባሆ ማጨሻ» ተብሎ ይፈታል። ዕቃው ውሃ የሚይዝ ቅል፣ ፍም የሚቀመጥበት የሸክላ አፍና ጢሱ የሚሳብበት መቃ ያለው ሲሆን፣ ጢሱ በውሃው ውስጥ አልፎ ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ አጫሹ ይደርሳል። ቃሉ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛና በጉራጊኛም ይነገራል። ይሁን እንጂ ከላይ የተጠቀሰው ፍች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን፣ ዕቃውንና ቅጠሉን፣ አንድ ላይ ያስራል።

የሌሎች አገሮች ስሞች ይህን ልዩነት ለመረዳት ይረዳሉ። ናርጊሌ ከፋርስኛ የመጣ ሲሆን መሠረቱ የኮኮናት ፍሬ ማለት ነው፤ የውሃው መያዣ ቀድሞ ከኮኮናት ቅርፊት ይሠራ ነበርና። ሺሻም በዚያው ቋንቋ መስታወት ማለት ነው። ሁካ የሚለውም ትንሽ ሣጥን ወይም ማሰሮ ከሚል የዐረብኛ ቃል የወጣ ነው። እንግዲህ ሦስቱም ስሞች የሚናገሩት ስለ መያዣው እንጂ በውስጡ ስለሚጨሰው ነገር አይደለም።

ትምባሆ ግን የቅጠሉ ስም ነው። ተክሉ የአሜሪካ ተወላጅ ስለ ሆነ፣ ኮሎምቦስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት በኢትዮጵያ የሚታወቅ አልነበረም። ታዲያ የማጨሻው ዕቃ የገባው ከቅጠሉ ጋር ነውን?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚያቀርብ ማስረጃ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ከሚገኝ ዋሻ ተገኝቷል። ዋሻው ላሊበላ ቢባልም የላስታው ላሊበላ አይደለም። በቁፋሮ የወጡትን የሸክላ ማጨሻ አፎች የመረመሩት ኒኮላስ ቫን ደር ሜርዌ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ዘመናቸው 13ኛው ወይም 14ኛው ምዕተ ዓመት እንደ ሆነና የሐሺሽ ተክል ርዝራዥ እንደ ተገኘባቸው ገልጠዋል።

ይህ ግኝት የቃሉን ዕድሜ አይወስንም፤ ሸክላው ስሙን አይናገርምና። ሆኖም ማጨስ በዚህ አገር ከትምባሆ ቀድሞ እንደ ነበረ ያመለክታል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ትምባሆን ሲከለክሉ፣ እገዳው የወደቀው በሩቅ አገር ቅጠል ላይ ነበር፤ ዕቃው ግን ከዚያ የረዘመ ታሪክ ሊኖረው ይችላል።

ስለዚህ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ጋያን «ጢስ በውሃ አልፎ የሚሳብበት ዕቃ» ብሎ ቢፈታው ይሻላል። «የትምባሆ» የሚለው አንድ ቅጽል ትንሽ ቢመስልም፣ የቃሉን ታሪክ ሳይመረመር ከ1492 ወዲህ ያስቀረዋል።